የቀሪ ሰው ድምፅ፤ በአሜሪካ በፖስታ ስለሚሰጥ ምርጫ ታሪክ



ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የተነሣውን ክርክር የሚረሳ ያለ አይመስለንም። ሰፈራችን በከፊል ሲፈርስ ወደ ኮንዶሚኒየም የተበተኑ፣ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ባሕር ማዶ ሄደው የከረሙ አባሎቻችን አሉ። መዋጯቸውን በየወሩ ሳያጓድሉ ይልካሉ፤ ዳኛ በሚመረጥበት ዕለት ግን ስማቸው ሲጠራ «ቀሪ» ይባልና ይታለፋል። እነዚሁ አባላት «ድምፃችንን በታሸገ ፖስታ እንላክና ይቆጠርልን» ብለው ማመልከቻ አስገቡ። ከመሥራቾቻችን አንዱ የሆኑት አባታችን ብድግ አሉና «ዕድር በአካል ተገኝቶ ነው፤ ሬሳ በፖስታ አይሸኝም» ቢሉ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አንዲት እናታችን ደግሞ «ልጄ ሜሪላንድ ሆና የአሜሪካንን ፕሬዚዳንት የመረጠችው ማድ ቤቷ ውስጥ ነው፤ ወጧን እያማሰለች! እኛ ምን አንሶን ነው?» አሉ። ከወደ ኋላ አንዱ «እሱ አይደል እንዴ አገሩን ያመሰው!» ሲል ነገሩ ጦፈና ሳይቋጭ በይደር ቀረ።

ይህችን መጽሔት እንድናዘጋጅ የተመረጥን አባላትም፣ ሁሉም ስለ አሜሪካ ምርጫ የሰማውን ይዞ ሲከራከር አየንና ታሪኩን ከሥሩ ለማየት ሞከርን። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ ያስቀመጥነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልን።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንግለጽ። በእኛ አገር ደብዳቤ የሚመጣው ፖስታ ቤት ካለው የሣጥን ቁጥራችን ነው እንጂ ፖስተኛ ደጃችንን አያንኳኳም። ስንመርጥም ጣቢያው ድረስ ሄደን፣ ካርዳችንን አሳይተን፣ ጣታችንን ቀለም አስነክረን፣ ታዛቢ እያየን ኮሮጆው ውስጥ እንከታለን። በአሜሪካ ግን የምርጫ መሥሪያ ቤቱ የድምፅ መስጫውን ወረቀት ለመራጩ በቤቱ አድራሻ ይልክለታል። መራጩ ምልክት ያደርግና ፖስታው ውስጥ ከትቶ ያሽጋል፤ በፖስታው ላይም ይፈርማል። ምስክር አብሮ እንዲፈርም የሚጠይቁ ክፍለ ግዛቶችም አሉ። ከዚያ በፖስታ ይመልሰዋል፣ ወይም በየአደባባዩ በተተከለ የብረት ሣጥን ይጨምረዋል። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ከመዝገብ ያመሳክራል፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶችም ፊርማው ቀድሞ ከተመዘገበው ጋር ይተያያል። ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥም ስሙ ላይ ምልክት ይደረግበታል። በመጨረሻም ወረቀቱ ከፖስታው ይለይና ማን ማንን እንደመረጠ እንዳይታወቅ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል። ሕጉ በ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች ልዩ ልዩ መሆኑን ግን አንዘንጋ፤ የብዙው ጭቅጭቅ ምንጭም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ነገር ሳይታየው አይቀርም። በምርጫ ጣቢያ ምስጢሩን የሚጠብቀው መጋረጃ ነው። ቤት ውስጥ መጋረጃ የለም። ባል ከሚስቱ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ቢያይ፣ ልጆች ላረጁ እናታቸው «እኛ እንሙላልሽ» ቢሉ የሚያይ የለም። ደግሞም ወረቀቱ ከቤት ወጥቶ መሥሪያ ቤቱ እስኪደርስ ድረስ በመካከል የሰው እጅ አለ። ታሪኩን ስናነብ ደጋግማ ያገኘናት ይህችን በመካከል ያለች እጅ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጦርነት ነው። በእኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን፣ ከ1861 እስከ 1865፣ አሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ተከፍላ እርስ በርሷ ተዋጋች። ጦርነቱ ሳያበቃ በ1864 የፕሬዚዳንት ምርጫ ደረሰ። ድምፅ መስጠት የሚችለው ጎልማሳ ግን በብዛት ያለው ከጦር ሜዳ ነው። አገሩን ለማዳን የሚሞተው ሰው የአገሩን መሪ አይመርጥም ማለት እንዴት ይሆናል ተባለና 19 የሰሜን ክፍለ ግዛቶች ለወታደሩ የሚሆን ሕግ አወጡ። አብዛኞቹ ኮሮጆውን ወደ ጦር ሰፈሩ ወሰዱት። ኢንዲያናን የመሳሰሉት ደግሞ አልፈቀዱም፤ ከዚህም የተነሣ ፕሬዚዳንት ሊንከን በሴፕቴምበር 1864 ለጄኔራል ሸርማን ደብዳቤ ጽፈው፣ ትእዛዝ አለመሆኑን ገልጸው፣ ከተቻለ የኢንዲያና ወታደሮች ለምርጫው ወደ አገራቸው ደርሰው እንዲመለሱ ለምነዋል። ለእኛ ይህ ደብዳቤ የሚያስገርም ነው፤ በጦርነት መካከል ያለ የአገር መሪ ጄኔራሉን ስለ ድምፅ ሲለምን!

ኒውዮርክ የመረጠችው መንገድ ግን ከሁሉ ይለያል፤ ወደ እኛ ማመልከቻም የሚቀርበው እሱ ነው። ወታደሩ ድምፁን በትንሽ ፖስታ ያሽግና፣ መኮንን ባለበት የውክልና ወረቀት ፈርሞ፣ አገር ቤት ለሚያምነው ሰው ይልካል። ተወካዩም በምርጫው ቀን ፖስታውን ለጣቢያው ያስረክባል። መልካም ነበር። ዳሩ ግን ከወታደሮቹ ወረቀቱን የሚሰበስቡ ወኪሎች ነበሩ። በኦክቶበር 1864 ከእነዚህ የተወሰኑት በባልቲሞር ከተማ ተያዙ። ክሱ በወታደሮችና በመኮንኖች ስም ፊርማ አስመስለው፣ ለሊንከን ተቀናቃኝ ለጄኔራል ማክሌላን ድምፅ አዘጋጅተዋል የሚል ነው። ከስሞቹም መካከል የሞቱ ወታደሮች ነበሩበት። ለወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ አንዱም አመነ። በተቃራኒው ወገን ያሉት ግን ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሲቪልን በወታደር ዳኛ ማስቀጣት የፖለቲካ ሥራ ነው ብለው ጮኹ። ይህን ወቀሳ ከንቱ ነው ብለን አናልፈውም፤ ከሳሹም ዳኛውም በምርጫው የሚወዳደረው መንግሥት ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ቀሪ መራጭ እንደገና መነጋገሪያ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባሕር ማዶ ለተሰለፈው ሠራዊት አንድ ወጥ የሆነ የፌዴራል ድምፅ መስጫ እንዲዘጋጅ ጠየቁ። የደቡብ ክፍለ ግዛቶች የምክር ቤት አባላት ግን «ምርጫ የየክፍለ ግዛቱ መብት ነው» ብለው ተከራከሩ። ውስጡ ሌላ ነበር፤ ጥቁር ወታደሮች በደቡብ ይጠየቁት የነበረውን የምርጫ ግብር ሳይከፍሉ ከግንባር እንዳይመርጡ ነው። በመጨረሻ የፌዴራሉ ወረቀት በብዙ ገደብ ተወስኖ 85 ሺህ ያህል ሰው ብቻ ተጠቀመበት፤ በየክፍለ ግዛቱ ወረቀት ግን ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ወታደሮች መረጡ። ይህን የጠቀስነው፣ በፖስታ ምርጫ ላይ ከሚነሣው ተቃውሞ ሁሉ በስተጀርባ ያለው የማጭበርበር ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። መራጩን ራሱን የሚፈራም አለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። ካሊፎርኒያ በ1978 ሕመም ወይም መንገድ የሚል ምክንያት ሳይጠየቅ የፈለገ ሁሉ በፖስታ እንዲመርጥ ፈቀደች። ኦሬጎን በ1981 በትንንሽ የአካባቢ ምርጫዎች ሞክራ፣ በ1996 አንድ የሴኔት ወንበር ሙሉ በሙሉ በፖስታ አስመርጣ፣ በ1998 ሕዝቧን ጠይቃ አጸደቀችው፤ በ2000 የፕሬዚዳንቱን ምርጫ በሙሉ በፖስታ አካሄደች። ኋላም ዋሽንግተንና ኮሎራዶ የመሳሰሉት ተከተሏት። በእነዚህ ዓመታት የፖስታ ድምፅ የዴሞክራቶች ነው፣ የሪፐብሊካኖች ነው የሚል ወሬ ብዙም አልነበረም። እንዲያውም ኋላ ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣውን የፔንስልቬኒያን ሕግ በ2019 ያወጣው ሪፐብሊካኖች የበዙበት ምክር ቤት ነው፤ የፈረመው ደግሞ ዴሞክራቱ አገረ ገዥ።

አሁን ወደ ማጭበርበሩ እንግባ፤ የለም የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷልና።

በ1997 በማያሚ ከተማ ለከንቲባነት ሃቪየር ሱዋሬዝና ጆ ካሮሎ ተወዳደሩ። ሱዋሬዝ አሸነፉ ተባለ። ሲመረመር ግን በቀሪ ሰዎች ወረቀት ላይ ብዙ ጉድ ተገኘ፤ ከዓመታት በፊት የሞተ ሰው ስም ሳይቀር መርጦ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1998 በፖስታ የተሰጠውን ድምፅ በጠቅላላ ጣለና ካሮሎን በሥልጣን አስቀመጠ። ይህ ፍርድ እኛን አላስደሰተንም። በፖስታ ከመረጡት በሺህ ከሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ምንም ያላጠፉ በሽተኞችና ሽማግሌዎች ነበሩ። እንክርዳዱን እንነቅላለን ሲሉ ስንዴውም አብሮ ተነቀለ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን በሰሜን ካሮላይና በ2018 የሆነው ነው። ለኮንግሬስ ወንበር ሪፐብሊካኑ ማርክ ሃሪስ ዴሞክራቱን ዳን ማክሬዲን በ905 ድምፅ በልጠው ተገኙ። ሃሪስ የቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበሩ። ብሌደን በምትባል ገጠር አውራጃ ግን ቁጥሩ አልጥም አለ። በዚያ በፖስታ ከመረጡት ውስጥ በሪፐብሊካንነት የተመዘገቡት 19 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ሃሪስ ያገኙት 61 በመቶ ነው። ሲጣራ፣ ለሃሪስ ወገን የሚሠራ አንድ የምርጫ ወኪል ሰዎች ቀጥሮ ቤት ለቤት እያዞረ ወረቀት ያሰበስብ ኖሯል። በዚያ ክፍለ ግዛት ሕግ ደግሞ ከቅርብ ዘመድ በቀር የሌላውን ሰው ወረቀት መሰብሰብ ወንጀል ነው። አንዲት ተቀጣሪ በምስክርነቷ ያልታሸገ ወረቀት እንደተቀበሉ፣ ባዶ የተተወውንም ቦታ እንደሞሉ ተናገረች። እንዳይነቃባቸውም የምስክሩ ፊርማ ቀለም ከመራጩ ጋር እንዲመሳሰል፣ ቴምብሩ ተገልብጦ እንዳይለጠፍ፣ ብዙ ፖስታ በአንድ ጊዜ እንዳይላክ ይታዘዙ ነበር። እንግዲህ እዩት፤ የቴምብር አለጣጠፍ ሳይቀር የታሰበበት ሥራ ነው!

በፌብሩዋሪ 2019 ጉዳዩ በምርጫ ቦርዱ ፊት ሲሰማ ያልተጠበቀ ምስክር ቀረበ፤ የሃሪስ የገዛ ልጃቸው። ልጁ በዚያን ጊዜ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ነበር። ያን ወኪል እንዳይቀጥሩት፣ የሰው ወረቀት መሰብሰብ ወንጀል መሆኑን ገና በ2017 ለአባቱ ጽፎላቸው እንደነበር መሰከረ። አባቱንና እናቱን እንደሚወድ ሲናገር አባት ተቀምጠው አለቀሱ። በማግስቱ ሃሪስ ራሳቸው ምርጫው ይደገም አሉ፤ ከሁለቱም ፓርቲ የተውጣጡት 5ቱ የቦርድ አባላትም በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ሃሪስ በወንጀል አልተከሰሱም። ወኪሉ ተከስሶ ነበር፤ ፍርድ ሳያገኝ በ2022 ሞተ።

ይህ ሁሉ እያለ 2020 መጣ። የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ከቤት አስቀረውና ከመራጩ 43 በመቶ ያህሉ በፖስታ መረጠ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ገና ከፀደዩ ጀምሮ የፖስታ ምርጫ ለማጭበርበር የተመቸ ነው እያሉ ሲናገሩ፣ ደጋፊዎቻቸው በአካል ሄደው፣ የተፎካካሪያቸው የባይደን ደጋፊዎች በፖስታ መምረጥን ያዙ። በፔንስልቬኒያ ሕጉ ፖስታው ከምርጫው ቀን ጠዋት በፊት እንዳይከፈት ያዛል። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ በአካል የመረጠው ተቆጥሮ ትራምፕ እየመሩ ነበር፤ ፖስታው ሲከፈት ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ባይደን እየቀረቡ ሄደው አለፏቸው። ቀድሞ እንዲዘጋጅ በፈቀደችው በፍሎሪዳ ግን ቆጠራው በዚያው ሌሊት አለቀ። ማታ አሸንፌያለሁ ብሎ የተኛ ሰው ጠዋት ተሸንፎ ቢነሣ ተሰረቅሁ ቢል ይፈረድበታል? የቆጠራ ቅደም ተከተል ብቻውን ይህን ያህል ጥርጣሬ ይወልዳል።

ጥርጣሬው ሌላም ሥር ነበረው። በወረርሽኙ ምክንያት ደንቦች በጥድፊያ ተለውጠዋል፤ አንዳንዱን የለወጠው ምክር ቤት ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው። የፔንስልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖስታ መቀበያውን በ3 ቀን አራዘመ። ይህ አግባብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር የሚያስኬድ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት የደረሰው ወደ 10 ሺህ ገደማ ወረቀት ለብቻው ተለይቶ ተቀምጦ ነበር፤ ባይደን የበለጡት ደግሞ በ80 ሺህ ድምፅ ነው።

ታዲያ ክሱ ለዳኛ ሲቀርብ ምን ሆነ? ከ60 በላይ መዝገቦች ተከፈቱ፤ ከአንዲት አነስተኛ ጉዳይ በቀር ሁሉም ወደቁ፤ ከዳኞቹም ራሳቸው ትራምፕ የሾሟቸው ነበሩባቸው። የራሳቸው የፍትሕ ሚኒስትር ዊልያም ባር በዲሴምበር 2020 ውጤቱን ሊለውጥ የሚችል ማጭበርበር እንዳላገኙ ተናገሩ። ጆርጂያ 5 ሚሊዮን ያህል ወረቀት በእጅ ደግማ ቆጠረች፤ የባይደን ብልጫም በመጨረሻው ውጤት 11,779 ሆኖ ጸና። በኮብ አውራጃ 15,118 ፖስታዎች ፊርማቸው አንድ በአንድ ተመርምሮ ሐሰተኛ አልተገኘም፤ ስሕተት የተገኘባቸው 2 ብቻ ሲሆኑ በአንደኛው ላይ የመራጩ ሚስት ፈርማለታለች፣ ሌላው የተፈረመው ባላስፈላጊ ቦታ ነው። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅትም በ6 አከራካሪ ክፍለ ግዛቶች ባደረገው ማጣራት ያገኘው አጠራጣሪ ጉዳይ ከ475 ያነሰ ነው።

በተለይ እኛን፣ ሙታንን የምንመዘግብ ሰዎችን፣ የሚመለከተውን እናንሳ። በጆርጂያ 5 ሺህ ያህል ሙታን መረጡ ተብሎ በፕሬዚዳንቱ አፍ ተነግሮ ነበር። ተጣርቶ የተገኙት 4 ናቸው። በአራቱም ላይ ወረቀቱን የላኩት ዘመዶቻቸው ናቸው። አንድ ቤት ውስጥ ሐዘን ገብቶ፣ ከዚያ በሟች ስም ወረቀት በደጅ ሲመጣ የሚሆነውን እኛ እንገምታለን። ያም ሆኖ ጥፋት ጥፋት ነው። ግን 4ን 5 ሺህ ብሎ መናገርም ሌላ ጥፋት ነው፤ በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 የምክር ቤቱን ሕንፃ ሰብሮ የገባው ሕዝብ የገባው ይህንኑ አምኖ ነውና።

ክርክሩ ከዚያ ወዲህም አልበረደም። ጆርጂያ በ2021 ፊርማ ማመሳከሩን ትታ የመታወቂያ ቁጥር መጠየቅ ጀመረች። በ2023 በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት በብሪጅፖርት ከተማ፣ በዴሞክራቶች የእርስ በርስ ምርጫ፣ ሰዎች ወረቀት ተሸክመው ወደ ብረቱ ሣጥን ሲጨምሩ በካሜራ ታዩና ዳኛው ምርጫው እንዲደገም አዘዘ። ማጭበርበር የአንድ ፓርቲ ርስት አለመሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል። በ2024 በፖስታ የመረጠው ወደ 30 በመቶ ወረደ፤ ሪፐብሊካኖቹም በዚያ ዓመት ደጋፊዎቻቸውን በፖስታም ቢሆን አስቀድማችሁ ምረጡ ይሉ ነበር። ትራምፕ ተመልሰው ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን በማርች 2025 ከምርጫው ቀን በኋላ የሚደርስ ፖስታ እንዳይቆጠር የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ፍርድ ቤቶች ዋና ዋና አንቀጾቹን አገዱ። እሳቸው ራሳቸው በ2020 ፍሎሪዳ ላይ በፖስታ መምረጣቸውን ሳንጠቅስ አናልፍም።

ወደ ራሳችን ማመልከቻ እንመለስ። ይህን ሁሉ ስናነብ ያስደነገጠን የእኛው ልማድ ነው። በወር መዋጮ ቀን አንድ ሰው የአሥር ቤት ደብተር ታቅፎ ይመጣል፤ ማንም «ማን ሰጠህ?» አይለውም፣ ጉርብትና ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊትም በአንድ ምርጫ አንድ አባል ለሦስት ቤት እጅ አውጥቶ መቆጠሩን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ያ ሰው ለክፋት አላደረገውም፤ ነገር ግን ያው በመካከል ያለችው እጅ ናት።

ስለዚህ ማመልከቻው ከጸደቀ ከዚህ የሚከተለው አብሮ እንዲታይ ለሥራ አስፈጻሚው አቅርበናል። ወረቀቱን ወስዶ የሚሰጥ ጸሐፊው ብቻ ይሁን፤ ለማን በየትኛው ቀን እንደሰጠ በመዝገብ ይፈረም። የሚመልሰው አባሉ ራሱ ወይም አብሮት የሚኖር የቤተሰቡ ሰው ይሁን፤ ለዳኝነት የተጠቆመ ሰውና ዘመዱ የማንንም ፖስታ እንዳይነካ። ያረፈ አባል ስም ጥሩምባ በተነፋበት ዕለት ከመራጮች ዝርዝር ይሰረዝ። ስንት ፖስታ እንደደረሰ አንድም ሳይከፈት ለጉባኤው ይነገር፤ የሚከፈተውም በአካል ከተገኘው ድምፅ ጋር በአንድ ሰዓት፣ በድንኳኑ መካከል፣ ሁሉም እያየ ይሁን። የአባታችን ጥያቄ፣ ማለትም ቤት ውስጥ አባሉን ማን እንደሚያስገድደው በምን እናውቃለን የሚለው፣ መልስ አላገኘንለትም፤ አሜሪካኖቹም እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው።

ማመልከቻውን የፈረሙት አባላት ስም ዝርዝር በጸሐፊው ቢሮ ይገኛል። ተቃውሞ ወይም ማሻሻያ ያለው አባል ከጠቅላላ ጉባኤው 15 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ያስገባ፤ መጻፍ የማይችል በቃሉ ለጸሐፊው ያስመዝግብና ጣቱን ያሳርፍ።